ግራ እጄም ግራ ገባው፣ እኔም ግራ ገባኝ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ዓምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 46 ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የዛሬ ዘጠኝ ወር አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስነሳ ግራ እግሬ ከዳኝና ወደቅኩ፣ ልጣራ ብል አፌ ተንጋዶ ቃል አልወጣ አለኝ። ስትሮክ ነው ተባለ። 11 ቀን ሆስፒታል ተኛሁ፣ ከዛ አራት ወር ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ። አሁን በከዘራ እሄዳለሁ፣ ግራ እጄ እስከ ትከሻዬ ይነሳል፣ ጣቶቼ ትንሽ ይከፈታሉ ግን ዕቃ አይጨብጡም። ያየኝ ሰው ሁሉ "ድነሻል እኮ" ይለኛል። የዳነው እግሬ እንጂ እኔ አይመስለኝም።

ታናሽ እህቴ እኔ ስታመም ሥራዋን ለቃ ቤቴ ገባች። ልጆቹን ታያለች፣ ታበስላለች፣ እኔን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ጸጉሬን ታበጥራለች። እግዜር ይስጣት፣ እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር። ግን ምንም ነገር እንድነካ አትፈቅድልኝም። ማንኪያ ሳነሳ ትቀበለኛለች፣ ከወንበር ልነሳ ስል ግራ ክንዴን ይዛ ትጎትተኛለች፣ ሰው እኔን ሲጠይቀኝ እሷ ትመልስልኛለች። የ14 ዓመት ልጄ ደግሞ መስማት ያቃተኝ ይመስል ጮክ ብሎ አንድ በአንድ ነው የሚያናግረኝ። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ከስትሮኩ ወዲህ አጠገቤ ሲቀመጥ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው።

በቀደም ጠዋት ሹራቤን ራሴ ልቆልፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አንዷን ቁልፍ ለማስገባት ስታገል ላብ በላብ ሆንኩ፣ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት እህቴ መጣችና "አምጪ አንቺ ደግሞ" ብላ በአንዴ ቆልፋ ጨረሰችው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "እጄን ልቀቂኝ፣ ከፈለግሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ!" ብዬ ጮህኩባት፣ አጠገቤ የነበረውንም ብርጭቆ ወረወርኩ። አለቀሰች። ከዛን ቀን ጀምሮ ሥራዋን ትሠራለች ግን አታወራኝም። ባለቤቴም "ኑሮዋን ጥላ ለመጣች ሰው እንዲህ ይደረጋል?" አለኝ፣ እውነቱን ነው።

ሌላም አለ። ጠዋት ደህና እሆንና እኩለ ቀን ሲሆን ባትሪው እንዳለቀ ስልክ ድርግም እላለሁ። ቲቪ ላይ ማስታወቂያ አይቼ ምንም ሳይከፋኝ አለቅሳለሁ። ግራ ትከሻዬ ከበር ጋር እየተጋጨ በልዞ ነው የሚከርመው፣ ሳህን ላይ ደግሞ ግማሹን ትቼ "ጨረስኩ" እላለሁ፣ እህቴ ሳህኑን ስታዞርልኝ ለካ አልጨረስኩም፣ "ልብሽ የት ነው?" ይሉኛል። ኪኒኑም ሰልችቶኝ አንዳንድ ቀን እዘለዋለሁ። እስኪ ምከሩኝ፣ እህቴን ሂጂ ልበላት ወይስ ውለታዋን አስቤ አፌን ዘግቼ እንደ ሕፃን ልጎረስ?

ግራዬ ግራ የገባኝ ነኝ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሌላ ሰው ቢያነበው ምናልባት የሚታየው ብርጭቆው ነው፣ የኔ ዓይን ግን ያረፈው ቁልፏ ላይ ነው። "ልትገባ ጥቂት ሲቀራት" ብለሻል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሌላ ሰው ሲያለብስሽ ቆይተሽ ያን ቀን ጠዋት በራስሽ እጅ አንድ ነገር ልትጨርሺ ጫፍ ደርሰሽ ነበር፣ ከዛ ተቀማሽ። የቀማሽ ሰው ደግሞ የምትወድሽ እህትሽ ሆነች፣ ነገሩን ያከበደው ይሄ ነው፣ ባዕድ ቢሆን ተናደሽበት ይወጣልሽ ነበር። ብርጭቆ መወርወሩ ልክ ነው አልልሽም፣ አንቺም አላልሽም። ግን ክፉ ሰው ሆነሽ አይደለም የወረወርሽው።

ከራሴ ቤት አንድ ነገር ልንገርሽ። አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ፣ እሱም ምንም ሳይል አገጩን ቀና አድርጎ ይቆምልኛል፣ እኔ ደግሞ ጥሩ ልጅ ነኝ ብዬ በሆዴ እኮራለሁ። ከዛ ለሥራ ለሳምንት ያህል ርቄ ሄድኩና ስመለስ ሸሚዙን ቆልፎ ተቀምጧል። አንዷን ቁልፍ ያለ ቀዳዳዋ አስገብቷት ኮሌታው ተንጋዷል። "ማን ቆለፈልህ?" ስለው "ማን አለና!" አለኝ። በፊትም ይችል የነበረ ይሁን በዛች ሳምንት የተማረው ይሁን እስከዛሬ አላውቅም፣ ዕድሉን ሰጥቼው አላውቅማ። ስለዚህ እህትሽ ላይ ለመፍረድ አፍ የለኝም፣ እሷን ሆኜ አይቼዋለሁ።

እስኪ አንድ ልጠይቅሽ፣ ያን ጠዋት ስትወድቂ ማን ነው ያነሳሽ? እነዛን 11 ቀናትስ አልጋሽ አጠገብ ማን አደረ? አልነገርሽኝም፣ እህትሽ ከሆነች ግን ያኔ የተነገራት "እንዳትወድቅ፣ ብቻዋን እንዳትነሳ፣ ዓይንሽን ከሷ ላይ እንዳታነሺ" የሚል ነው። ለዛ ጊዜ ልክ ነበር። ከዛ በኋላ ግን ማንም ጠርቶ "በቃ ያ ጊዜ አልፏል፣ አሁን እጅሽን ሰብስቢ" ያላት ያለ አይመስለኝም። ደግሞ ሥራዋን ለቃለች፣ ምን መሰለሽ፣ አሁን ሥራዋ አንቺ ነሽ። አንቺ ሹራብሽን ራስሽ ከቆለፍሽ እሷ እዛ ቤት ምን ልትሠራ ነው? "ወደ ቤትሽ ሂጂ" ስትያት የሰማችው "አታስፈልጊኝም" የሚለውን ይመስለኛል፣ ዝምታዋም ኩርፊያ ብቻ ሳይሆን ከሥራ የተባረረ ሰው ዝምታ ነው።

ስለዚህ ሂጂ አትበያት። አፍሽን ዘግተሽም አትጎረሺ። ሁለተኛው ክብርሽን ብቻ ሳይሆን እጅሽንም ይጎዳዋልና።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ስትሮክ የመታው እጅሽን አይደለም እኮ፣ የእጅሽ ጡንቻና አጥንት በቦታው አለ፣ የተጎዳው እጁን የሚያዘው የአእምሮሽ ክፍል ነው፣ ግራ ጎን የሚታዘዘው ከቀኙ የአእምሮ ክፍል ስለሆነ ያንቺ ጉዳት በቀኝ በኩል ነው። እጁን ትሞክሪዋለሽ፣ እምቢ ይልሻል፣ ደግመሽ ትሞክሪዋለሽ፣ እምቢ ይልሻል፣ አእምሮ ደግሞ ተግባራዊ ነገር ነው፣ ቀኝ እጅ አለ እህትም አለች ለምን ልልፋ ይልና ቀስ በቀስ ያንን እጅ ይረሳዋል። አለመጠቀም ራሱ ልማድ ይሆናል። ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከዚህ ተነስቶ ነው ደህናውን እጅ በጓንት ሸፍኖ ደካማውን በግድ ማሠራት የሚባለውን ሕክምና ያመጣው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ላይ 222 ሰዎች ነበሩ፣ ስትሮክ ከመታቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው፣ ያንቺ እኩዮች በይው። ለሁለት ሳምንት እንዲህ የሠሩት ሰዎች እጃቸው በግልጽ የተሻለ ሆነ፣ መሻሻሉም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ሕክምናው የእጅ አንጓና ጣት ትንሽም ቢሆን መዘርጋት መቻልን ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ ጣቶቼ ትንሽ ይከፈታሉ ብለሻል፣ ለኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ ደስ ያለኝ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ወደ ፊዚዮቴራፒስትሽ ተመልሰሽ "ይሄ ለኔ ይሆናል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ቤት ውስጥ ግን ቀኝ እጅሽን ራስሽ እንዳታስሪው አደራ፣ ከዘራውን የያዘው እሱ ነው፣ ብትወድቂ የሚይዝሽም እሱ ብቻ ነው።

ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው የሚመጣው፣ እሱን አልክድሽም። ከዛ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል የሚሉሽን አትስሚያቸው፣ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም፣ በተለይ ሥራው እንደ ሹራብ ቁልፍ ዕለት ዕለት የሚደጋገምና አንቺ ራስሽ የምትፈልጊው ነገር ሲሆን።

አሁን "በቃ ሁሉንም ራሴ እሠራለሁ" ብለሽ እንዳትነሺብኝ። እሱም ሌላ ወጥመድ ነው። ሉዊ ፓስተርን ታውቂዋለሽ አይደል፣ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት። በ1868 እ.ኤ.አ. በ45 ዓመቱ ስትሮክ መታው፣ ግራ ጎኑን፣ ልክ እንዳንቺ። ግራ እጁና እግሩ እስከ ዕድሜው መጨረሻ እንደ ድሮው አልሆኑለትም። ገና አልጋ ላይ እያለ ግን ስለ ሐር ትል በሽታ የሚያጠናውን ነገር በቃሉ እየተናገረ ሰው ይጽፍለት ነበር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሰው ላይ የተሞከረውም በ1885 ነው፣ ከስትሮኩ 17 ዓመት በኋላ። በላቦራቶሪው ብዙውን የእጅ ሥራ ረዳቶቹ ነበሩ የሚሠሩለት፣ ክትባቱን መጀመሪያ ያገኘውን ልጅ መርፌ የወጋውም ሐኪም ነው፣ ፓስተር ራሱ ሐኪም አልነበረም። ግን ሥራው የማን ነው ቢባል የፓስተር ነው፣ ምን ይሠራ፣ መቼ ይሠራ፣ ማን ይሥራው የሚለውን የሚወስነው እሱ ነበራ። ክትባት ፍጠሪ እያልኩሽ አይደለም፣ የሹራቡ ነገር ይበቃናል ለጊዜው። ግን ራስን መቻል ማለት እኔ እንደሚገባኝ ሁሉንም በራስ እጅ መሥራት ሳይሆን የትኛውን አንቺ እንደምትሠሪው፣ የትኛውን ደግሞ ሌላ ሰው እንደሚሠራው ወሳኟ አንቺ መሆንሽ ነው። ያን ቀን የተቀማሽውም ቁልፍ መቆለፍ ብቻ ሳይሆን ይሄ ውሳኔ ነው።

እንግዲህ ከእህትሽ ጋር ተቀመጡና ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ጀምሮ ማታ እስክትተኚ ያለውን ሁሉ ጻፉት፣ ጥርስ መፋቅ፣ መታጠብ፣ ጫማ፣ ኪኒን፣ ስልክ ማንሳት፣ ልብስ ማጠፍ፣ ሁሉንም። ቀኝ እጅሽ ደህና ነውና አንቺ ጻፊው። ከዛ እያንዳንዱ ጎን ምልክት አድርጊ። አንዳንዱ የኔ ብቻ ነው፣ ሰዓት ቢፈጅም ማንም አይነካብኝ የምትይው። አንዳንዱ እሷ አጠገብ ሆና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የምትጠብቅበት ነው፣ ስትጠሪያት ብቻ የምትመጣበት። የቀረውን ደግሞ ያለ ምንም ሐፍረት ለሷ ስጫት። ለምሳሌ ጸጉር ማበጠር ጉልበትሽን ጨርሶ ለልጆችሽ የሚሆን ትንፋሽ ካሳጣሽ እሷ ታበጥርልሽ፣ ምንም ነውር የለውም። የኔ ብቻ የምትይውን ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁለትና ከሦስት አታስበልጪው፣ ስግብግብነት እዚህም አይጠቅምም። አንዷ ሰው ሲጠይቅሽ ራስሽ መመለስ ትሁን፣ እሷ ቁልፍም ጉልበትም አትጠይቅም።

አሁን የማይጥምሽን ነገር ልናገር ነው። የበሩንና የሳህኑን ነገር እንደ ቀልድ ጣል አድርገሽው አልፈሻል፣ እኔ ግን አላልፈውም። ቀኙ የአእምሮ ክፍል ሲጎዳ አንዳንድ ሰው ላይ ግራ በኩል ያለውን ዓለም ልብ አለማለት ይመጣል። ዓይን ያያል፣ አእምሮ ግን ግራውን ከቁጥር አያስገባውም። ሳህን ላይ ግራ በኩል ያለው ምግብ ይቀራል፣ ግራ ትከሻ ከበር ይጋጫል፣ ሰዓት ሥይ ሲባሉ ቁጥሮቹን በሙሉ በቀኝ በኩል አጭቀው የሚሥሉም አሉ። ያንቺ የግድ ይሄ ነው አልልም፣ የግራ እይታ መቆረጥም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ የዓይን ምርመራ ይፈልጋል። ብቻ ልብሽ የትም አልሄደም፣ ዝርክርክም አልሆንሽም፣ ይሄን ለቤተሰቡም ንገሪያቸው። ለሐኪምሽ ወይ ካለ ለኦኩፔሽናል ቴራፒስት (እንደ መልበስና መብላት ያለውን የዕለት ሥራ መልሶ ለሚያለማምድ ባለሙያ) ሁለቱንም ነገር እንደጻፍሽልኝ ንገሪ፣ ወረቀት ላይ በሚሠራ ቀላል ፈተና ነው የሚጀምሩት። እስከዛ ድረስ በር ላይ ስትደርሺ ቆም በይና የግራው መቃን እስኪታይሽ ጭንቅላትሽን አዙሪ፣ ሳህኑን ራስሽ አዙሪው፣ የጠረጴዛው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፊና ዓይንሽ ቀዩን ሳያገኝ እንዳይመለስ። እሳት፣ የፈላ ውሃና መንገድ መሻገር ግን እስክትመረመሪ ብቻሽን አይሆንም፣ መኪና መንዳት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እዚህ ላይ ከእህትሽ ጋር ነኝ፣ ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

እሷም ግን የምታቆመው ነገር አለ፣ ዛሬውኑ። ግራ ክንድሽን ይዛ መጎተት። ከስትሮክ በኋላ ትከሻን አቅፎ የሚይዘው ጡንቻ ስለሚላላ ሲጎተት መገጣጠሚያው ከቦታው ሸርተት ሊል ይችላል፣ ሕመሙም ለወራት አይለቅም። ስትነሺ ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ በይ፣ እግሮችሽን ወደ ኋላ ሰብስቢ፣ ወደ ፊት አጎንብሺና በቀኝ እጅሽ ወንበሩን ገፍተሽ ተነሺ፣ እሷ ካስፈለገሽ ወገብሽ ላይ እጇን ጣል ታድርግ። ትከሻሽ አሁንም የሚያምሽ ከሆነ እሱንም ለፊዚዮቴራፒስቱ ንገሪ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወንበር አስገቢና ተቀምጠሽ ታጠቢ፣ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ይመታ፣ ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ ውሃውን ደግሞ ሁሌ በቀኝ እጅሽ ለኪው፣ ግራው ሙቀት በደንብ ላይሰማው ይችላል። ሳህን ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ቢነጠፍለት አይንሸራተትም፣ መክተፊያ ላይ ሁለት ንጹሕ ሚስማር ከሥር ወደ ላይ ቢመታበት አትክልቱን እሱ ይይዝልሻል፣ ይሄን ግን ከምርመራው በኋላ፣ ሚስማርና ቢላ ነውና። ማሰሪያ ያለውን ጫማ ተይው፣ ተጣባቂው ይሻላል። ከዘራሽን የሚያደናቅፍ ትንንሽ ምንጣፍ ካለ ይነሳ፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት መንገዱ ላይ መብራት ይደር።

ድካሙን በተመለከተ ስንፍና ነው የሚልሽ ካለ እኔ ጋ ላኪው። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድካም በጣም የተለመደ ነው፣ ቀላል ስትሮክ የመታው ሰውም ከባድ ድካም ሊኖረው ይችላል፣ ሰው ግን አያየውም፣ ከዘራ ስለሌለው። አንቺ የምታርፊው ካለቀብሽ በኋላ ነው፣ ሳያልቅብሽ እረፊ። እኩለ ቀን ላይ ድርግም የምትዪ ከሆነ ከዛ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ጋደም በይ፣ ደህና ነኝ ብትይም። ሹራብ ልትቆልፊ ያሰብሽበት ቀን ጠዋት ሻወሩን ወደ ማታ ወይ ወደ ነገ ግፊው፣ ሁለቱ ተደራርበው ይጨርሱሻል። ጥሩ ቀን ሲመጣልሽ ደግሞ የሳምንቱን ሁሉ ሥራ በዛ ቀን ልጨርስ አትበይ፣ ከዛ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ነሽ። የእንቅልፍ ችግር፣ የደም ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ድካም ያባብሳሉና ሐኪምሽ እነሱን ይይልሽ።

ሳይከፋሽ ማልቀስሽ ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ስትሮኩ የስሜትን ፍሬን ሲያላላው ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ ሰው በተቃራኒው ለቅሶ ቤት ውስጥ ይስቃል። ቶሎ ይመጣል ቶሎ ይሄዳል። "ስትሮኩ ነው፣ አሁን ይተወኛል" ብለሽ ወሬሽን ቀጥይ፣ ከበዛ መድኃኒት አለው። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፣ "የዳንኩ አይመስለኝም" ያልሽው። ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር አሁን ደስ ይልሻል? ሌሊት ትተኛለሽ? "ባልኖር ይሻላቸው ነበር" የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ከስትሮክ ከተረፉት ከሦስቱ አንዱ ገደማ የድብርት በሽታ ይይዘዋል፣ ይታከማል ደግሞ፣ ስለዚህ መልስሽ የሚያስፈራሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ለመናገር ቀጠሮ አትጠብቂ። የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣብሽማ ዛሬ፣ አሁን፣ አጠገብሽ ላለ ሰው ንገሪ።

ባለቤትሽ ጠያቂ የመሰለው ምን እንደሚያወራሽ ጠፍቶት ይመስለኛል። በሳምንት አንድ ቀን ስለ ኪኒንና ስለ እጅሽ የማይወራበት ሰዓት ይኑራችሁ፣ ድሮ አብራችሁ የምትስቁበት ነገር ምን ነበር? ልጅሽን ደግሞ "ጆሮዬ ደህና ነው የኔ ጌታ" በይው፣ እሱም ፈርቶ ነው።

ኪኒኑን ግን አልለምንሽም፣ አትዝለይው። አንዴ የተመታ ሰው ዳግም የመመታት አደጋው ካልተመታው ይበልጣል፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ደግሞ ሕመሙ አይሰማም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ያስጠላሽ የትኛው ነው? ማዞር ነው፣ ብዛቱ ነው፣ መርሳቱ ነው? ለሐኪሙ ንገሪና ይቀይረው፣ በራስሽ ግን አታቁሚ። የሳምንቱ ቀናት የተጻፈበት የኪኒን ሳጥን ግዢ፣ እሁድ እሁድ መሙላቱን ያ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ልጅሽ ይሥራው። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ቤተሰቡ ሁሉ ሰዓቱን ይዞ ወዲያው አምቡላንስ ይጥራ፣ የደም መርጋትን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና "እስኪ ትንሽ ትረፍ" ማለት አይሠራም።

ወደ እህትሽ ልመለስ። ስታለብስሽ ወይ ስታጎርስሽ አታናግሪያት፣ ያኔ እሷ ቆማ አንቺ ተቀምጠሽ ነው፣ እኩል አትሆኑም። ሁለታችሁም የተቀመጣችሁበት፣ አንቺም ያልደከምሽበት ጠዋት ይሁን። ንግግር አታዘጋጂ። "ብርጭቆውን ስለወረወርኩ ይቅር በይኝ፣ ሂጂ ያልኩሽም ከልቤ አልነበረም። ቁልፏን ግን መልሺልኝ" በያት። ከዛ ዝም በይና እሷ ታውራ፣ ምናልባት አንቺ ያልጠረጠርሽው ድካም ይኖርባታል፣ ምናልባት ሥራዋ ናፍቋታል። "አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" ብለሽ ጠይቂያት፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ይሄን ጥያቄ የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የሷ ብቻ ቢሆን፣ ያኔ ባለቤትሽ ቤት ቢውል፣ እሱም ያንቺን ኑሮ ከጠያቂ ወንበር ተነስቶ ያየዋል። ዝርዝሩን የምታወጡት ከዚህ በኋላ ነው፣ በዛው ቀን ካልሆነም በማግስቱ።

ሹራቡ ላይ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ተቀመጪና ጭንሽ ላይ ዘርጊው፣ መጀመሪያ ግራ እጅሽን አስገቢ፣ እጅጌውን እስከ ትከሻ ድረስ በደንብ ሳቢው፣ ከዛ ቀኙ ይከተላል፣ ስታወልቂ በተቃራኒው ነው፣ ቀኙ ይቅደም። ቁልፉን ከታች ጀምሪ፣ የታችኛዋ ለዓይንም ለእጅም ትቀርባለች፣ ግራ እጅሽ ባይጨብጥም ጨርቁ ላይ ተጭኖ ይያዝልሽ፣ ያም ሥራ ነው ለሱ። ቀዳዳዎቹ ጠበቅ ካሉ እህትሽ ትንሽ ታስፋቸው፣ ያውላት ሥራ። ስንት ቁልፍ እንዳላት አልነገርሽኝም፣ ግድ የለም፣ የመጀመሪያው ቀን ሁለቷን ቆልፊና የቀረውን እሷ ትቆልፍልሽ፣ ከጠየቅሻት ማለት ነው።